በግራ በኩል ብቻ

ቤተሰቦቿ ሚጡ የሚሏት የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ክሊኒክ ስትመጣ ሐኪሙ ግራ ገባው። በመጀመሪያው ቀን ጉንፋን ነው ብሎ አፍንጫዋን በጨው ውሃ እንዲያጥቡላት ነግሮ ሸኝቷት ነበር። በሁለተኛው ሳይነስ ሆኗል ብሎ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ አዘዘላት። ሽሮፑ አልቆ አራት ቀን ሳይሞላ ንፍጡ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ይሸታል።

"ዶክተር፣ የቀረኝ ማበድ ነው" አለች እናቷ፣ የሁለት ወር ልጇን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች። "ቤቱ ሁሉ ይሸታል። ባሌ አይጥ ሞቶ ነው ብሎ ቁም ሳጥኑን ፈነቃቀለው። እኔ ደግሞ ሕፃኑ ያስመለሰው ወተት መስሎኝ አንሶላ ሳጥብ ሰነበትኩ። ለካ እሷ ናት!"

"ትኩሳትስ አላት?"

"ኧረ ምንም።"

"ምግብ?"

"ከኔ ቀድማ ነው የምትጨርሰው።"

ሐኪሙ መዘናት፤ ኪሎ ጨምራለች። ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ጆሮዋንም ጉሮሮዋንም አየ፤ ደህና ናቸው። ሌላ መድኃኒት ይጻፍ? ሆስፒታል ይላካት? እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"ስጠርግላት ስጠርግላት እዚህ ጋ ተላጠች፤ ቅባት ቢጤም ይጻፉላት" አለች እናት።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። የተላጠው ከግራው የአፍንጫዋ ቀዳዳ ሥር ብቻ ነው።

"በቀኝስ በኩል?"

"በቀኝ እንኳ አይወጣትም።"

ሐኪሙ ክው አለ። ጉንፋን አንዱን ቀዳዳ መርጦ አይወርድም። ሁለት ጊዜ ሲያያት ይህን አንዴም አልጠየቀም። በባትሪ ሲያበራ ውስጥ ድረስ የገባ ግራጫ ነገር ታየው። እባጭ ይሆን? ወረንጦውን ሲያነሳ ሚጡ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ ሕፃኑም ተከተላት።

"ሕፃኑን ለነርሷ ስጫትና ሚጡን ጭንሽ ላይ አስቀምጫት" አለ። "ቀኙን ቀዳዳ በጣትሽ ድፈኚው። አፍሽን አፏ ላይ ግጠሚና አንዴ እፍ በይባት፤ የገባ ነገር ከሆነ ትንፋሽሽ ይገፋዋል።"

"እኔ? ሐኪሙ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔንማ ፈራችኝ።"

መጀመሪያ እፍ ስትል ምንም የለም። በሁለተኛው አንድ ነገር ተስፈንጥሮ የሐኪሙ ጋዋን ላይ ተለጠፈ። ነርሷ ሮጣ መስኮት ከፈተች። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ነበር።

"ሚጡዬ፣ ማን ከተተው?" አለች እናቷ።

"እኔ።"

"ለምን የኔ እናት?"

"እሱ ሲያለቅስ እንዳልሰማ" አለች ወንድሟን እያሳየች።

"የምትሰሚው በጆሮሽ አይደል እንዴ?"

"ጆሮዬ ውስጥ እምቢ አለኛ!"

እናቷ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። የትኛው እንደቀደማት ለራሷም አልገባት። "እኔኮ እሱ ከተወለደ ወዲህ ዝም ስትልልኝ ትልቅ ሰው ሆነችልኝ እያልኩ ነበር" አለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ሐኪሙ። "ያን ሁሉ ሽሮፕ በከንቱ ነው የጠጣችው።"

"እንግዲህ ወጣ አይደል" ብላ እናቷ ሕፃኑን ከነርሷ ተቀበለች። እሱም ሌላ ነገር ቀርቶ እንደሆነ ብሎ ሁለቱንም ቀዳዳ ደግሞ አየ።

በሳምንቱ ሲመለሱ ሽታው የለም፤ ቆዳዋም ድኗል።

"አሁን እሱ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ?" አላት ሐኪሙ።

"እኔም አለቅሳለሁ።"

ይሄ መሻሻል ነው አይደለም ለማለት ቸግሮት እናቷን አያት። እሷም ትከሻዋን ሰበቀች።