የተሰረቀ ትንፋሽ

ሌባ የሰውን ጌጥ ሲሰርቅ የባለቤቱን ጉድለት አብሮ ይሰርቃል፤ የሚያጋልጠውም ጌጡ ሳይሆን ጉድለቱ ነው።

አጃቢዋ እጆቿን ከፒያኖው ላይ ድንገት አነሣች። ዋናዋ ዘፋኝ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች።

«ምነው እትዬ? ጣትሽ ከዳሽ እንዴ?»

«ጣቴስ ደኅና ነው። አንቺ እዚህ ቦታ ላይ ለምን ተነፈስሽ?»

«ደግሞ ለመተንፈስም ማስፈቀድ ተጀመረ?»

ከመስታወቱ ማዶ የነበሩት የድምፅ ቀረጻ ባለሙያዎች ሳቁ። አጃቢዋ ግን ፊቷ አልተፈታም።

የባሮክ ዘመን ኦፔራ አሪያ፣ ማለትም የአንድ ዘፋኝ ብቸኛ ዜማ፣ የመጀመሪያ ክፍሉ ሁለት ጊዜ ይዘፈናል፤ አንዴ እንደ ተጻፈ፣ ሲደገም ግን ዘፋኙ ከገዛ ልቡ ባፈለቀው ጌጥ አስውቦ። ስለዚህ ጌጡ የዘፋኙ ፊርማ ነው። አሁን የተሰማው ፊርማ የማን እንደ ሆነ አጃቢዋ አሳምራ ታውቃለች። በኅብረ ዝማሬው ውስጥ የምትዘፍን አስም ያለባት ልጅ፣ ለዚሁ ሚና ልትወዳደር ክረምቱን ሙሉ ከእርሷ ጋር ስትጽፍና ስትሰርዝ ከርማለች። ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መዝለቅ ስለማትችል አንዱን ቃል ከወገቡ ቆርጣ ትተነፍስና ስብራቱን ሲቃ አስመስላ ትሸፍነዋለች። ዳኞቹ «ሳንባዋ አይችልም» ብለው ጣሏት። ያን ዕለት ዋናዋ ዘፋኝ በር ላይ ቆማ በስልኳ ስትቀዳ አጃቢዋ አይታ፣ ለመማር መስሏት ዝም ብላ ነበር።

«የአንቺ ሳንባ ወናፍ ነው» አለቻት። «ባለፈው ሳምንት የዚህን እጥፍ ሳትተነፍሺ ዘልቀሻል። ቃል ከወገቡ የሚቆርጥ በሽተኛ ነው፤ አንቺን ምን አመመሽ?»

«ስሜት ነው! የዘመኑ አተረጓጎም ነው፤ የድሮ ሰው ሆነሽ አልገባሽም።»

«በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ! ለጋዜጣ ‹ሦስት ወር አምጬ ወለድሁት› ያልሽው ይህንኑ ነው?»

ሳቁ ቆመ። የኦፔራ ቤቱ ኃላፊ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። «እትዬ፣ በሞቴ! ክፍሉ የእኛ የሆነው እስከ ቀትር ብቻ ነው። ነገሩን ኋላ እናየዋለን።»

«ኋላማ ዲስኩ ወጥቶ፣ ልጅቷ የገዛ ጌጧን ስትዘፍን ኮራጅ ትባላለች! እኔ ብዙ አልጠይቅም። ይህቺ ሴት አሁን፣ እዚሁ፣ ሌላ ጌጥ ታፍልቅ። ካፈለቀች እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ።»

«ምን ገዶኝ!» አለች ዘፋኟ፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

አጃቢዋ መታች። ዘፋኟ አራት ስንኝ ያህል ዜማውን ራቁቱን ይዛው ሄደች፤ የምታለብሰው አጣች። አምስተኛው ላይ ጨነቃትና በዚያው በሚታወቀው ጌጥ ውስጥ ዘላ ገባች። ያው ቃል ከወገቡ ተቆረጠ፤ ያቺው የበሽተኛ ትንፋሽ በዚያ ግዙፍ ደረት ተሳበች።

ኃላፊው ግንባሩን አሻሸ።

«እንግዲህ... ቀረጻው ይለቅና ልጅቷን በሌላ እንክሳት።»

«በሌላ ሰው አሳጅባችሁ ቅረጹ» አለች አጃቢዋ፤ የፒያኖውን ክዳን ዘጋች፣ ኖታዋን ሰብስባ በብብቷ አደረገች። «ጣቶቼ ለሌባ ደጀን አይሆኑም።»

ኃላፊው ተከትሏት ወጣ፤ በኮሪደሩ ጫፍም ደረሰባት። «ዲስኩ ከወጣ ዛሬ የሰማሁትን ለጋዜጣ እናገራለሁ» አለችው።

በማግሥቱ ኃላፊው ቀረጻውን ሰረዘ። ዋናዋ ዘፋኝ ከሚናዋ ተነሣች፤ ለሁለት ዓመት በዚያ ቤት መድረክ ላይ እንዳትወጣ ተፈረደባት፤ ጌጡ የማን እንደ ሆነም በገዛ እጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለጋዜጣው ሰጠች።