ሰዓቱን ሲፈታ

በቴሌቪዥኑ የድምፅ ውድድር ሦስተኛ ነው የወጣችው። አንደኛ የወጣውን ልጅ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፤ እሷን ግን ሰፈሩ በሙሉ «ሦስተኛዋ» ብሎ አስቀራት። ዳቦ ልትገዛ ብቅ ካለች «ሦስተኛዋ፣ አልበሙስ?» ነው። ይኸው አልበሙ ወጣ። ግጥሙም ዜማውም የራሷ፣ ለሱ ስትል ስንት ነገር የቀረባት አልበም። ደስ ሊላት ሲገባ ግን ሬዲዮ ሲዘፍን በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች።

ጣጣው ከሰባተኛው ዘፈን ነው። በውድድሩ ጊዜ አንደኛው ዳኛ፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ «ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ግን አላመንኩሽም። በዓይንሽ ያየሽውን ዝፈኚ» ብሏት ነበር። በሰው ፊት የተባለ ነገር መቼም አይረሳ፣ ቃሉን እንደ ትእዛዝ ይዛ ተቀመጠች። ያየችውን ሁሉ ጻፈች። የራሷ ሕይወት ሲያልቅባት የእህቷን ጻፈች።

እህቷ፣ እሷ «እታለም» የምትላት ታላቋ፣ ያገባችው ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ ዶክተር አይደለም፤ እሱም አንድ ቀን አርሟቸው አያውቅም። ለታመመ ሰው ቤቱ ድረስ መድኃኒት የሚያደርስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ የተመሰገነ ሰው ነው። ሚስቱን ከመምታቱ በፊት ግን ሰዓቱን ይፈታል። ቀስ ብሎ፣ መስታወቱ እንዳይጫርበት ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ይህን እታለም አንዴ ብቻ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሆና ነገረቻት። ለማንም እንዳትናገሪ አለቻት። እሷም ለማንም አልተናገረችም፤ ዘፈነችው እንጂ። ስም ካልጠራሁ ማን ያውቃል ብላ ነው እኮ፣ የሞኝ ነገር።

«ሰባተኛውን ከአልበሙ አውጣልኝ» አለችው አቀናባሪውን፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠው ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ቆማ።

አቀናባሪው የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አወረደ። «ያምሻል? ሬዲዮው ሁሉ የያዘው እሱን ነው።»

«እሺ፣ የሰዓቱን ስንኝ ብቻ።»

«እህቴ፣ ሰው በቃሉ ይዞታል። ከሰው አፍ ላይ ሄጄ ልንጠቅ?»

ስልኳ ጮኸ። የእህቷ ባል ነው። ደውሎላት አያውቅም።

«አልበሙ ወጣ አሉ» አላት፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ለኛ ሳታሰሚ? ከሰዓት ነይና አብረን እንስማው። እህትሽም ናፍቃሻለች።»

ስልኩን ዘጋች። ልቅር ብላ አሰበች፤ ብትቀር ግን እታለም ከሱና ከዘፈኑ ጋር ብቻዋን ልትሆን ነው። ፈጣሪዋን እየለመነች ታክሲ ተሳፈረች። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፤ ሌላ ምን ሊሆን፣ ያው ሰባተኛው ነው። ከጎኗ የተቀመጡ አንዲት እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ልጅ የማን ቤት ገብታ አይታ ይሆን?» አሉ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በሩን የከፈተችላት እታለም ናት።

«ምን አደረግሽኝ፣ ሚጣዬ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰምቶታል?»

«እንጃ። ከጠዋት ጀምሮ ፈገግ ይላል።»

ሰውየው ሳሎን ውስጥ ድምፅ ማጉያውን እያስተካከለ ነበር። ተነስቶ አገላብጦ ሳማትና ሶፋው ላይ አስቀመጣት። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። አንዱንም አልዘለለም። በየመሀሉ «ጎበዝ»፣ «እሰይ» ይላል፤ እሷ የምታየው የእጁን ሰዓት ነው። እታለም ኩባያ ማድረቂያውን ጨርቅ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቀርታለች። ሰባተኛው ሲጀምር ሰውየው ድምፁን ጨመረ።

«ሰዓቱን ይፈታል፣ ያኖራል ጠረጴዛ፣
ቆማ ትጠብቃለች ፊቷን በእጇ ይዛ።»

ቀኝ እጁ ሰዓቱ ወዳለበት ግራ አንጓው ሄደ። ሰውየው እጅጌውን ሰብሰብ አደረገና ዘፈኑን አቆመው።

«ይሄ ሰውዬ በእውነት ያለ ሰው ነው?» አላት።

«ዝም ብዬ… ከራሴ ፈጥሬው ነው፣ ጋሼ።»

«አይመስልም። ሴት ልጅን እንዲህ ማስፈራራት?» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ምን ዓይነት አውሬ ነው? እንዲህ ያለውን ማሰር ነበር።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አታሳዝንሽም?»

ፊቱን መረመረችው፤ ሽሙጥ የለበትም፤ ተንኮል የለበትም። ከልቡ አዝኗል። የተዘፈነው እሱ መሆኑን አላወቀም። ተመስገን ብላ እፎይታውን ልታካፍላት ወደ እታለም ብትዞር፣ የእታለም ፊት አመድ መስሏል።

«ታሳዝነኛለች» አለች እታለም። ጨርቁን ወንበር ላይ ሰቀለችው። «እሷን ታክሲ ድረስ ልሸኛት።»

«ቶሎ ነይ» አላት፣ ዘፈኑን እንደገና እየከፈተ።

ደረጃውን ወረዱ። ሦስተኛዋ ውጪ ሲደርሱ ነው አፏን የከፈተችው።

«አላወቀም እኮ፣ እታለም። ተርፈናል።»

«የሚያደርገውን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር» አለች እታለም። «የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ያፍራል ብዬ ነው እስከ ዛሬ የተቀመጥኩት። እሱ ምኑን ያፍራል? አሁን ነው የፈራሁት።»

ታክሲ ሲመጣ እታለም ቀድማ ገባች። ያደረገችው የቤት ነጠላ ጫማ ነው፤ ቦርሳ የላት፣ ስልክ የላት። ሦስተኛዋ ተከትላ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሁለቱም ዘወር ብለው ወደ ቤቱ አላዩም።

«ሲፈልገኝ መጀመሪያ የሚመጣው አንቺ ጋ ነው» አለች እታለም።

ይምጣ ልትላት ፈልጋ ነበር። ያ አገር የመሰከረለት ድምፅ ግን እንቢ አላት፤ እጇን ያዘቻት።