ሰይፍ የሌለው ኒሻን

አቶ ሕሩይ ቅዳሜ ከሰዓት ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ያለው ቤቴ ድረስ የመጡት ለፊርማ ነው። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን በሠላሳኛ ዓመት በዓሉ ሊሸልማቸው ነው። አንድ አባል ግን «በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ አልነበሩም ወይ?» ብሎ ጠየቀና ከቀበሌው ሰፈር ምስክር ያምጡ ተባሉ። ፍራንክፈርት ውስጥ ከዚያ ሰፈር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሜን አድነውን አብዮት ጥበቃዎች ከቤት አውጥተው እንደገደሉት እያወቁ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው መጡ።

ከወረቀቱ በፊት ከኪሳቸው የወጣው ኒሻን ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኦስትሃፈን ያለውን ያሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞሩ አሮጌ የጀርመን ኒሻን ይለቅማሉ። በሕይወታቸው ያላገኙትን ክብር ከሟች ደረት ይሸምታሉ።

«እዪው እህት ዓለም፣ የጦርነት አገልግሎት መስቀል ይባላል» አሉ። «ሂትለር በፈረንጅ 1939 ያቋቋመው ነው። ስምንት ጫፍ አለው፤ ጥብጣቡ መሐሉ ጥቁር፣ ዳሩ ቀይ። በ1957 በወጣው ሕግ የናዚውን ምልክት ስዋስቲካውን አነሡና ዓመቱን በቅጠል ከበው አስገቡበት።»

አንሥቶ ሌላ መተካት! ይኼ እንደሚጥማቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ዋናው ግን ሰይፉ ነው። ጦር ሜዳ ለዋለ ሁለት ሰይፍ ያጋድሙበታል። ይኼ የለውም። የተሸለመው የዚሁ ከተማ የባቡር ጸሐፊ ነው፤ ሻጩ ነግሮኛል። ንጹሕ ሰው ማለት ነው።»

«አይሁዶቹን ጭኖ የወሰደውስ ባቡር?» አልኳቸው።

«እሱ ምን ያውቃል? የሚጽፈው ሰዓት! እኔም እንደሱ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም።»

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ስለ ቀበሌው ሲጠየቁ የጀርመን ጸሐፊ ይዘው ከች! ልጅ ሆኜ እፈራቸው ነበር። አሁን ግን ናቅኋቸው፤ ሻይ እንኳ አላቀረብኩም።

ወረቀታቸው «አቶ ሕሩይ በማንም ላይ እጃቸውን አላነሡም» ይላል። ብዕር አንሥቼ ከሥሩ ጻፍኩ፦

«እውነት ነው፣ አልተኮሱም። በ1970 ዓ.ም. ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን የሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር የጻፉት ግን እሳቸው ናቸው። የወንድሜ ስም ሦስተኛው ነበር። እጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ አንድ ፊደል አልሳቱም። ገላነሽ።»

አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ምነው ገላነሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልትገድዪኝ ነው?»

«ምን አደረግሁ አቶ ሕሩይ?» አልኩና ኒሻናቸውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። «እኔም እኮ የጻፍኩት ብቻ ነው።»