በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ»

ባንክ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው አንድ አመል አይለቀውም፤ ወረቀት ሲሰጡት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከታች፣ ድምሩ ላይ ነው። ድምሩ ከመጣ ሒሳብ ተዘጋ፣ ኮትህን አንስተህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ከነአመሌ ጡረታ ወጣሁ። አርፎ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ባለቤቴ «እየተንጎራደድክ ወለሉን ጨረስከው» ስትለኝ፣ ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየዞርን የሥራ ፈጠራና የገንዘብ አያያዝ ቀን ማዘጋጀት ጀመርን። ባልደረባዬን ተማሪዎቹ «ማይክራፎን» ይሉታል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅማ። እሱ ያስቃቸዋል፣ እኔ አስደምራቸዋለሁ።

ዝግጅታችን ሁለት ቀን ነው፤ በመካከሉ ሦስት ሳምንት አለ። በመጀመሪያው ቀን በቡድን ሆነው ትንሽ ንግድ ያቅዳሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይከስራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የቤት ሥራ እንሰጣቸዋለን፦ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ የወሩን ገቢና ወጪ ጻፉ፤ ጉድለት ካለ የሚቀነስ ፈልጉ። ሁለት ሕግ ሰሌዳው ላይ በትልልቁ እጽፋለሁ። አንደኛው፣ እርግጠኛ ያልሆነ ገቢ አይጻፍም። ሁለተኛው፣ መቀነስ ከትልቁ ወጪ ይጀምራል።

በአንዱ ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። በቃሏ ስለምታሰላ ጓደኞቿ «ካልኩሌተር» ይሏታል።

«ትልቁ ወጪ አስፈላጊ ከሆነስ፣ ጋሼ?»

«ለባለቤቱ አስፈላጊ የማይመስለው ወጪ የለም» አልኳት። «እንደዚያ ካልንማ ማንም ምንም አይቀንስም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ያልኩትን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ጎበዝ ተማሪ ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለት መቶ አርባ ወረቀት መጣ። መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አረምኩት፤ ያው እንደ ልማዴ ከታች። የአብዛኛው አልተዘጋም። አንዱ የአባቱን ሲጋራ ከገቢ ጎን ጽፎታል፤ ማይክራፎን ይህን ሲያይ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። የካልኩሌተር ወረቀት ግን ምንም ስርዝ ድልዝ የለበትም፤ ተዘግቷል፣ ጥቂት ተራፊም አለው። ከላይ ያለውን አላነበብኩም። በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ!» ብዬ ፈረምኩበት፣ ማዕረጌንም ጨመርኩ፦ «የቀድሞ የባንክ ሥራ አስኪያጅ»። ወረቀቶቹን ለክፍል ኃላፊዋ መልሰን የአንደኛ ሽልማት ገዛን፤ ጥሩ የትምህርት ቤት ቦርሳ።

በሁለተኛው ቀን ማይክራፎን የአሸናፊዋን ስም ጠራ። ተጨበጨበ። የሚነሳ ጠፋ። ደግሞ ጠራ፤ ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ። የክፍል ኃላፊዋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ትምህርት አቋርጣለች። ሳምንት ሆናት። ወረቀቷ ላይ ጽፋው የለ እንዴ? አይተውት መስሎኝ።»

ቦርሳውን ይዤ ወጣሁ። ማይክራፎን ልከተልህ አላለኝም፤ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል።

ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ኋላ፣ የመንገዱ ጫፍ ላይ ያለች የልብስ ስፌት ቤት ናት። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ በአንዱ እናትየዋ፣ በሌላው ካልኩሌተር የመጋረጃ ጠርዝ ትሰፋለች። የክር ጥቅሎቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ በላይ ወረቀቷ በመርፌ ተሰክቷል። ቀዩ ጽሑፌ ከበር ይታያል።

ማን እንደሆንኩ ስነግራት እናትየዋ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«እርስዎ ነዎት የፈረሙት? መጀመሪያ ስታሳየኝ ልቀድባት ነበር። አንቺን ቀንሼ ምን ሊዋጥልኝ ነው አልኳት። ‹ቆይ እማ፣ የሚያውቅ ሰው ይየው› አለችኝ። ከዚያ ይኼ መጣ።» በጣቷ ፊርማዬን አሳየችኝ። «ባንክ የሠሩ ሰው ልክ ነው ብለዋል አለች። እኔ ምን አውቄ ልከራከር?»

ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። የቤት ኪራይ፣ አዲሱ ጭማሪ፣ አስቤዛ፣ የሁለት ወንድሞቿ ትምህርት፣ የስፌት መኪናው የወር ክፍያ። ከሥሩ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፦ «የትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ መጻሕፍት። ትልቁ ወጪ። ይቀነስ።» ከገቢው በኩል ደግሞ፦ «የትልቋ ልጅ ስፌት።»

«የአንቺን የትምህርት ወጪ እኔ እከፍላለሁ» አልኳት ልጅቷን።

እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ «ለስንት ወር፣ ጋሼ?» አለች።

የጡረታዬን ልክ፣ የባለቤቴንም የመድኃኒት ወጪ አውቀዋለሁ።

«እርግጠኛ ያልሆነ ገቢ አይጻፍም ብለውናል» አለች። ልታሳፍረኝ ብላ አይደለም፤ የተማረችውን እንደሚመልስ ተማሪ ነው የተናገረችው። እሱ ባሰብኝ።

እናትየዋ መርፌውን ነቅላ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «እኔን አትሰማም፤ እርስዎን ትሰማለች። እባክዎ አንድ ስህተት ይፈልጉልኝ። አንድ ብቻ።»

ከላይ ወደ ታች ደመርኩ። ከታች ወደ ላይ ደመርኩ። ኪራዩን ከውሉ፣ የመኪናውን ክፍያ ከደረሰኙ አመሳከርኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሒሳብ እንዳይዘጋ እንደዚያ ቀን ለምኜ አላውቅም። ተዘጋ። በመጨረሻ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁና «በጣም ጥሩ» የሚለውን ሰርዤ «ስህተት አለው» ብዬ ጻፍኩ፤ ለልጅቷም ሰጠኋት።

መኪናው ቆመ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ አይቼዋለሁ። ጣቷን መስመር በመስመር ወደ ታች ወሰደች፣ ከንፈሯ እያሰላ። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች፤ በዚህኛው ቀስ ብላ፣ እንዳያመልጣት። ከዚያ ቀና አለች።

«የቱ ጋ ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ።

እናትየዋም እኔን ታያለች። ቦርሳው እግሬ ሥር ነው።