መርማሪ አንበርብርና ሰባቱ ሞተሮች

እኔ ፍሬሕይወት አየለ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ ድረስ «ምግብ ቤት»፣ «የወንዶች ፀጉር ቤት»፣ «ጎሚስታ» የሚል ካያችሁ የእጄ ሥራ ነው፤ የተንጋደደውን ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ይህን የምለው ልኮፈስባችሁ ፈልጌ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ያንን የካርቱን ፊልም የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ ሌላ የሚያወራው ሁሉ ጨው ጨምሮበት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአባቴ የውሃ ሞተር ነው። አባቴ ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ጥር መጀመሪያ ላይ አቶ ፍፁም የሚባል የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በመኪና መጣ። የየትኛው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ራሱም ሲጠየቅ ሦስት ነው የሚጠራው። «ጋሼ አየለ፣ ከላይ እንግዳ አለብን። ሞተሩን ለሦስት ቀን ለሠርቶ ማሳያ ያውሱን» አለው። አባቴ ደግሞ ቃል ማለት ቃል ነው ብሎ ያደገ ሰው ነው። በአካባቢያችን ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ እሱ ይጠራል፣ «እዚህ ጋ ነበር» ካለ ጉዳዩ አለቀ፤ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም። ሌላውም ሰው እንደሱ ይመስለዋል። ሞተሩን ራሱ ተሸክሞ ጫነላቸው።

ሦስት ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሽንኩርቱ ራስ ሊይዝ ሲል ነው ውሃ የሚፈልገው፤ አባቴም ከጎረቤት ሞተር እየለመነ በአምስት ቀን አንዴ ያጠጣ ጀመር። ሊጠይቅ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ። ስብሰባ የሌለ ቀን ሥልጠና።

ሞተሩ የት እንዳለ ግን እኔ አወቅሁ፤ እንዴት በሉኝ። በዚያው ሰሞን አቶ ፍፁም ባነር አጻፈኝ፦ «ለቀበሌያችን አርሶ አደሮች የተሰጠ የመስኖ ሞተር»። በሳምንቱ ለሌላ ቀበሌ ያንኑ ጻፍኩ። ከዚያ ለሌላ። ሰባት ባነር ጻፍኩ። እሰይ ሰባት ሞተር መጣ ብዬ ሰባተኛውን ላደርስ ብሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? የአባቴ ሞተር! ጎኑ የተጨረመተ፣ ክዳኑ ጠፍቶ አባቴ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን የገጠመለት፣ በአረንጓዴ ገመድ የታሰረ። እዚያው ብጠይቅ ሰባቱንም ቀበሌ የዞረው እሱው ነው። እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይጫናል፣ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ይሄዳል። ሪፖርቱ ላይ ሰባት ሆኗል።

ደሜ ፈላ። «አባባ፣ እንክሰሳቸው!» አልኩት። «ቃል ሰጥተውኛል እኮ» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ።

ታዲያ የካቲት ላይ የሞዴል አርሶ አደሮች በዓል ይከበራል ተባለና ጽሕፈት ቤቱ «ዘመናዊ ነገር» አማረው፤ የሸዋ ሮቢትን የ2050 ዓ.ም. ገጽታ የሚያሳይ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል። እኔ እሥላለሁ፣ ሙዚቃና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ዮናስ ሥዕሉን ያንቀሳቅሳል። ዮናስ ኮምፒውተር ያውቃል፣ ሰነፍ ነው እንጂ። አንዴ የተሣለ ነገር ድጋሚ ከሚሠራ መቶ ጊዜ ኮፒ ማድረግ ይቀለዋል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ አባቴ ካልከሰሰ እኔ በሥዕል እከሳለሁ አልኩ።

የሠራሁትን ብታዩ! የ2050ዋ ሸዋ ሮቢት ፎቅ በፎቅ ነች። ባጃጅ በሰማይ ይበራል። ከጣርማ በር ተራራ የወረደው ጉም አልነሣም ብሎ ከተማው ላይ ተኝቷል፤ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይጥላል፣ የሆቴሎቹ ቀይና ሰማያዊ መብራት ኩሬው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በዚያ መሃል ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ የደፋ መርማሪ አንበርብር ብቻውን ይራመዳል። ይበራልም። ልዩ ኃይል አለው፦ ሪፖርት ሲያነብ የውሸቱ ቁጥር ቀይ ሆኖ ይበራለታል። «ይህች ከተማ ሌሊት አትተኛም» ይላል በጎርናና ድምፅ፣ «ቀን ስብሰባ ላይ ስለምታንቀላፋ»። ድምፁን የሰጠን መናኸሪያ ውስጥ «አጣዬ! ኮምቦልቻ!» እያለ የሚጣራው ታደሰ ነው። መጀመሪያ ሲቀዳ «አንድ ሰው ቀረን» በሚል ቃና ነበር የጮኸው፤ ውሃ አጠጥተን አረጋጋነው።

የምርመራው ጉዳይም ግልጽ ነው። ሪፖርት ላይ ሰባት ሞተር አለ፣ ከተማው ውስጥ የሚጮኸው አንድ ብቻ። ስድስቱ የት ገቡ?

ፊልሙ ለግምገማ ኮሚቴ ቀረበ። ሰብሳቢው አቶ ፍፁም፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ እመቤት፣ ከነሱ ጋር ሦስት አንገት የሚነቀንቁ ሰዎች።

«ለምንድን ነው የሚጨልመው?» አለ አቶ ፍፁም።

«የመርማሪ ታሪክ ስለሆነ ነው። ጨለማ ይወዳል።»

«በ2050 መብራት ይጠፋል እያልሽ ነው? ያ ሁሉ ግድብ ተገንብቶ?»

ይህን ሲል መብራት ጠፋ፤ የማርያምን፣ አልዋሸሁም። ጀነሬተሩ እስኪነሣ ሃያ ደቂቃ በጨለማ ተቀመጥን። መብራቱ ሲመጣ «አብሪው» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ዝናቡም ይቅር» አለች ወይዘሮ እመቤት። «ዝናብ ካለ ሞተር ምን ያደርጋል ይባላል።»

«ሰውየው ለምን ብቻውን ይሄዳል? ይሄ ግለኝነት ነው። በአንድ ለአምስት ይደራጅ» አለ አቶ ፍፁም።

ዮናስ ተደሰተ። አምስት አንበርብር ኮፒ አደረገና ከኋላው አሰለፈ። ለሰርግ የሚሄዱ ሚዜዎች መሰሉ።

«በሸዋ ሮቢት ሙቀት ካፖርት?» ተባለ፤ ካፖርቱ ወለቀ፣ መፈክር ያለበት ካናቴራ ለበሱ። «የዓይኑ ኃይል ጤነኛ አይደለም፤ ድክመት ብቻ ነው የሚታየው። ጠንካራ ጎን ይብራለት፣ በአረንጓዴ።» ሲበር ደግሞ አንዱ ነቅናቂ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ፦ «ከሕዝብ ተነጥሎ ነው የሚበረው።» ስለዚህ መርማሪ አንበርብር ፊልሙ መሃል ላይ ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ። ታደሰ እያለቀሰ ነው የቀዳው፣ ከሳቅ ብዛት።

ወደ ሌባው ስንደርስ ጉድ ፈላ። እኔ የሣልኩት ሌባ ወፍራም ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ሌባ ሊሆን አይችልም ተባለ። ነጋዴ አደረግሁት፤ ልማታዊ ባለሀብት ይቀየማል። ገበሬ? መደባችን ነው። ወጣት? ተደራጅቷል። የውጭ አገር ሰው? ኢንቨስትመንት ይሸሻል።

«ታዲያ ማን ይስረቅ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሰው አይደለም የሚሰርቀው» አለ አቶ ፍፁም፣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ። «አመለካከት ነው። የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት።»

«አመለካከት እንዴት ይሣላል?»

«ደመና አድርጊው።»

ደመና አደረግሁት። መርማሪው ደመናውን እንዳያስረው፣ ካቴና አይገባለትም። ስለዚህ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠው፣ ደመናው ተለወጠ፣ የምስክር ወረቀት ወሰደ። ምርመራ የሚባል ነገር በቦታው የለም፣ የሚመረመርም ጠፋ። ኮምፒውተሩን ጥዬ ልወጣ ስል አቶ ፍፁም ለካ አልጨረሰም።

«ሞተሩ ለምን አንድ ብቻ ነው? ሰባት እኮ ነው። ሰባቱም ተደርድረው ይታዩ፣ በሰፊው፣ ቀረብ ተደርጎ!»

ዮናስ እዚያው ፊታቸው ሞተሩን ሰባት ጊዜ ኮፒ አደረገው። የአባቴን ሞተር ከነጭርምቱ ነበር የሣልኩት። ሰባት ጭርምት፣ ሰባት አረንጓዴ ገመድ፣ ሰባት የወተት ቆርቆሮ ክዳን ተደረደረ። ኮሚቴው አጨበጨበ። ከመካከላቸው አንድም ሰው ሞተሩን ቀረብ ብሎ አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው ፎቶ የሚነሡት። እኔም አፌን ዘጋሁ። የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከሰባቱም ቀበሌ ገበሬ ተጠርቷል፤ ከፊት ወንበር የዞን እንግዶች አሉ። አባቴ ጋቢውን ለብሶ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። በጠዋት ማሳውን አይቼው ነበር። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል፤ ከሳምንት በላይ አይቆይም።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰዉ ስድስቱን ባለካናቴራ እያየ ያዛጋል። ደመናው የምስክር ወረቀት ሲቀበል አንድ ሽማግሌ አንኮራፉ። ከዚያ ሰባቱ ሞተሮች ግድግዳውን ሞልተው መጡ።

«ያ ረቢ!» አለች ከቆላው ቀበሌ የመጣችው እትዬ ሩቂያ፣ ተነሥታ። «ይሄ የኛ ቀበሌ ሞተር አይደለም እንዴ? ወስደውት ቀሩ እኮ!»

«ኧረ የኛ ነው!» አለ ሌላው። «ክዳኑን አታይም?»

«የኛም ጋ ይሄው ነው የመጣው! ገመዱን እኔ ነኝ ያጠበቅሁት!»

ከየማዕዘኑ ሰባት ቀበሌ በአንድ ሞተር ተጣላ፤ ወዲያው ገባቸውና ሳቁ ፈነዳ። እኚያ አንኮራፊ ሽማግሌ ሳይቀሩ ነቅተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ከዞን እንግዶቹ አንዱ ወደ አቶ ፍፁም ዞሮ «ሰባቱም የወተት ክዳን ነው እንዴ ያላቸው?» ሲለው ልቤ ጮቤ ረገጠ።

አቶ ፍፁም ግን እንደ ድመት ነው፣ ከየትም ቢወድቅ በእግሩ ነው የሚያርፈው። ማይክራፎኑን ያዘና «ለሞዴል አርሶ አደር አየለ ዛሬ ሽልማት አዘጋጅተናል» አለ። ሁለት ጥበቃዎች ለእንግዶቹ ሊታይ ከአዳራሹ ኋላ ቆሞ የነበረውን ሞተር ተሸክመው ገቡ። ክዳኑ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮበታል። የአባቴን ሞተር ለአባቴ!

አባቴ ሲወጣ አቶ ፍፁም ማይክራፎኑን በእጁ ሸፍኖ ጠጋ አለው። እኔ ኮምፒውተሩ አጠገብ ስለነበርኩ ሰማሁት። «ጋሼ አየለ፣ ዛሬውኑ ይዘውት ይሄዳሉ። ሰባት መሆናቸውን ብቻ ይመስክሩልን። እርስዎ ካሉ የሚከራከር የለም። አይ ካሉ ግን ጉዳዩ መጣራት አለበት፤ እስኪጣራ ሞተሩ እኛ ጋ ይቆያል። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር…»

ማይክራፎኑን ሰጠው። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሳቁ የቆመው ፈርተው አይደለም፤ አየለ ሊናገር ስለሆነ ነው። እትዬ ሩቂያ ነጠላዋን ሰብስባ ቁጭ አለች። አንዱ ሲያጉረመርም «ዝም በል፣ እሳቸው ይናገሩ» አለው ሌላው። እንደ ድንበር ዳኝነት ጠበቁት።

አባቴ ሞተሩን አየ። ክዳኑን በእጁ ነካ። በልቤ «አባባ፣ አንድ ነው በል፣ አንድ ነው በል» እላለሁ።

«ሰባት ናቸው» አለ። «አይቻለሁ።»

ከፊት ወንበር ተጨበጨበ። ከኋላ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልሰደበውም። ሰዉ መሬት መሬት እያየ ወጣ። እትዬ ሩቂያ በአጠገቡ ስታልፍ እንደ ወትሮው «ጋሼ አየለ፣ ደህና ይዋሉ» አላለችውም።

በጋሪ ጭነን ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ጮህኩበት። ለምን አልኩ፣ ሽንኩርቱ ገደል ይግባ አልኩ። እሱ ሪባኑን ፈትቶ በመንገድ ዳር ጣለው፣ ክዳኑን አጠበቀ። ወጥመዱን ያጠመድኩት እኔ፣ የገባበት እሱ።

ሽንኩርቱ ጠጣ። ዳነ። እንዲያውም የዚያ ዓመት ሽንኩርት የጎረቤቱን ሁሉ አስከነዳ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምሳ ይዤለት ማሳው ላይ ሳለሁ ሁለት ወንድማማቾች ከላይ ሰፈር መጡ። ከአባታቸው በወረሱት መሬት ድንበር ተጣልተዋል። «ጋሼ አየለ፣ ይምጡና ይዩልን፤ እርስዎ ያሉትን እንቀበላለን» አሉት። ሰው ገና አልናቀውም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባቴ ግን ከቦዩ ላይ ቀና ሳይል፣ ውሃውን ወደሚቀጥለው መደብ እየመለሰ፣ «ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ አንዱን ሞተር ሰባት ያልኩ ሰው ነኝ» አላቸው።

ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር አልሰሙትም። «ምን አሉን?» ብለው ጠጋ አሉ። አባቴ አካፋውን አስቀመጠ፣ ቀና አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላቸው።