ሽቦና ምርቃት

ሐመልማል ቀጭኑን ሽቦ በዳዶው ቀዳዳ አሳልፋ ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ማጠማዘዝ ጀምራለች። እጇ ሥራውን ስለሚያውቀው ዓይኗን ብዙም አያስቸግርም። ከሩቅ ለሚያያት ሰው የዘወትር ሥራዋን የምትሠራ መካኒክ ነበረች። ቦታው ግን የዘወትሩ አልነበረም። አውሮፕላኑ ስንዴ መሐል፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ፣ ክንፉን ወደ አንድ በኩል ጥሎ ተቀምጧል።

የወረደው ትናንት ጠዋት ነው። የሮቤ ዙሪያ ገበሬዎች በኩታ ገጠም የዘሩትን ስንዴ ዋግ ስለመታው፣ ማኅበራቸው መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ተከራይቶ ነበር። አብራሪው ይስሃቅ ዝቅ ብሎ እየረጨ ሳለ ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። በዚያ ከፍታ ብዙ ማሰቢያ ጊዜ የለም። የተሸከመውን መድኃኒት ደፍቶ ከፊቱ ባገኘው ማሳ ላይ አሳረፈው። አሁን የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ አሰላ ሆስፒታል ተኝቷል።

ሞተሩን ምን እንዳጠፋው ሐመልማል ዛሬ ማለዳ ኮፈኑን እንደከፈተች አወቀች። የነዳጅ ማጣሪያውን ክዳን የያዘው ዳዶ በጣት የሚዞር ሆኗል። ዳዶው በሞተሩ መንቀጥቀጥ እንዳይላላ በሽቦ መታሰር ነበረበት። ሽቦ የለም፤ የተበጠሰ ቁራጭ እንኳ የለም። ከነጭራሹ አልታሰረም ማለት ነው። በየበረራው ጥቂት በጥቂት እየላላ፣ በክዳኑ ዙሪያ ነዳጅ እያፈሰሰና አየር እየሳበ ከርሞ፣ ትናንት ሞተሩ የሚጠጣው አጣ።

ማጣሪያውን አጥባ መልሳ የገጠመችው እሷ ነበረች።

የጥገናው ኃላፊ ነህምያ በስልክ ስትነግረው ብዙም አላሰበም።

«እሰሪው» አላት። «መርማሪዎቹ ከአዲስ አበባ ተነሥተዋል፣ ከምሳ በፊት ይደርሳሉ። ነዳጁ ውሃ ነበረበት እንላለን።»

«ነዳጁን የሚያጠልለው መርሻ እኮ ነው።»

«መርሻን ይቆጡታል፣ ያልፋል። ያንቺ ግን የሥራ ፈቃድሽ ነው የሚሄደው። የኔም።»

መርሻ አንዲት ጠብታ ውሃ ካየ በርሜሉን ሙሉ የሚመልስ ሰው ነው። ሐመልማል ይህን ታውቃለች። ስልኩን ዘግታ ዳዶውን አጠበቀች። ከዚያ ሽቦ ቆረጠች።

ሽቦው እስከ ግማሽ ሲጠመዘዝ ከስንዴው ውስጥ ሳል ተሰማ። የማሳው ባለቤት ኦቦ ቱሳ ናቸው። የተረፈውን ላለመርገጥ አውሮፕላኑ ባረሰው መስመር ላይ በዱላቸው እየተመረኮዙ መጡ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ኦቦ ቱሳ? ስንዴዎ…»

«ስንዴው ለከርሞ ይበቅላል። አብራሪው ልጅስ?»

«ደኅና ነው። ‹ባለማሳውን ይቅርታ በሉልኝ› ብሏል።»

«ጉድ እኮ ነው። ከሰማይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል!» ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው። «አውሮፕላኑን የመረቅሁት እኔ ስለሆንኩ ከትናንት ወዲህ ሮቤ መግባት አቅቶኛል። ባጃጅ ነጂዎቹ ገና ሲያዩኝ ‹ኦቦ ቱሳ፣ በአላህ፣ የኔን ባጃጅ እንዳይመርቁብኝ!› ይላሉ። ሙቢናም፣ የወንድሜ ልጅ፣ ‹አባባ፣ መርቀው መርቀው በራስዎ ስንዴ ላይ ጣሉት?› ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው።»

ሐመልማል ፈገግ አለች። ሽማግሌው ፈገግ አላሉም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዕድሜዬን ሙሉ መርቄያለሁ። ሙሽራ፣ በሬ፣ ትራክተር። አንድም የከፋ አላየሁም። አሁን ሰው እየቀለደ ነው፤ ነገ ግን ልጁን ሊድር የሚጠራኝ ያለ አይመስለኝም። ምርቃቴ ተበላሽቶ ነው?»

ሐመልማል የምርቃቱን ቀን አስታወሰች።

የዚያን ቀን ርጭቱ ሊጀመር ሲል ሽማግሌዎቹ ለምለም ሰርዶ ይዘው ወደ መንደርደሪያው መጡ። እሷ ዳዶውን አጥብቃ ሽቦውን በእጇ ይዛ ነበር። ምርቃት ሲወርድ ሥራ ይቆማል፤ ብረት ይዞ መቆም ደግሞ ነውር ነው። ፒንሳውንና ሽቦውን መሰላሉ ላይ አኖረችና መዳፏን ዘርግታ ቆመች። ሥራዋን ማየት የነበረበት ነህምያም ከጎኗ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። የኦቦ ቱሳ ምርቃት አጭር አይደለም። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለአብራሪው፣ ለአብራሪው እናት ሳይቀር መረቁ፤ ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ቀረበ። በልታ፣ ቅቤውን ከእጇ ታጥባ ስትመለስ ኮፈኑ ክፍት ሆኖ አየችውና ዘጋችው። «ጨረስሽ?» አላት ነህምያ። «ጨረስኩ» አለችው። ውሸት አልነበረም፤ የጨረሰች ነበር የመሰላት። ነህምያም ከፍቶ አላየም።

«ምርቃትዎ ምንም አልሆነም» አለች። «ሥራ አቋርጬ ተነሣሁ። ስመለስ ካቆምኩበት አልጀመርኩም። ይሄ ዳዶ ሳይታሰር ቀረ።»

«የተነሣሽው እኛ ስንመጣ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቆዩ አትይንም?»

«ሽማግሌ ቆዩ ይባላል እንዴ ኦቦ ቱሳ?»

«እንዴ!» ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት። «ላም እየታለበች ከደረስን ከበረቱ ውጭ ቆመን እንጠብቅ የለም እንዴ! ካቋረጧት ወተቷን ትይዛለች። ይሄም እንደዚያ መሆኑን እኛ በምን እንወቅ? ብረት ነው ብለን!»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በዳዶው ላይ የሚያበራውን አዲስ ሽቦ አዩ።

«ይሄስ?»

«ያን ጊዜ መታሰር የነበረበት ነው።»

«አሁን ምን ይሠራለታል?»

«ለአውሮፕላኑ? ምንም።»

ከሮቤ በኩል በመንገዱ ላይ አቧራ ተነሣ፤ አንድ ነጭ መኪና ከአቧራው ፊት ፊት እየቀደመ ይመጣል። ለመጨረስ የቀራት ጥቂት ጥምዝ ነው፤ መኪናው ሳይደርስ አስራ፣ ጫፉን ቆርጣ፣ ኮፈኑን መዝጋት ትችላለች። አቧራውን አየችው። ከዚያ ፒንሳውን ወደ ተቃራኒው አዞረች።

ኦቦ ቱሳ መኪናውንም የልጅቷንም ፊት አዩ። ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው ሁለት እጆቻቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ኦቦ ቱሳ» አለች ሐመልማል፣ ቀና ሳትል። «ትንሽ ይቆዩኝ። ይቺን ልጨርስ።»

እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ወረዱ። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ሽቦው ተጠምዝዞ እንደጠበቀው ሁሉ ቀስ እያለ ተፈታ። ከቀዳዳው መዝዛ አወጣችው። ዳዶውን ግን አልነካችውም። መልሳ ብታላላው እንዳልደረሰችበት ማስመሰል ይሆናል፤ ዛሬ ማለዳ ያጠበቀችው እሷ እንደሆነች በአፏ ትናገራለች። የተጣመመውን ሽቦ በጣቶቿ አቃንታ፣ መጥቶ ለሚያይ ሰው እንዲታይ በዕቃ ሳጥኑ ክዳን ላይ አጋደመችው። መኪናው ከማሳው ዳር ሲቆም ተሰማ። ፒንሳውን በጨርቅ ጠርጋ ከሳጥኑ ውስጥ ቦታው ላይ መለሰችው።

«አሁን ይችላሉ» አለች።