ሐጃ ሐዋ ፊደል ያስቆጠሩበት ክፍል

ብርነሽ ሻርጃ ያለው ያ ትልቅ ቤት ከገባች አሥራ ስምንት ዓመት አለፋት። ስምንቱን በቤት ሠራተኝነት፣ አሥሩን ደግሞ ቤቱ የሴቶች ኮሌጅ ከሆነ ወዲህ በጽዳት ሠርታበታለች። የትኛው ግድግዳ ጨው እንደሚተፋ ሳታይ ታውቃለች።

ዘንድሮ የኮሌጁ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲል የቤቱ ታሪክ በሰሌዳ ተጽፎ ፎቅ ላይ ተሰቀለ። ብርነሽ ዓረብኛውን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «በዚህ አዳራሽ የቤቱ ጌታ፣ የዕንቁ ነጋዴው፣ እንግዶቹን ይቀበል ነበር» ይላል።

በቀጥታ ወደ ሩታ ሄደች። ሩታ የኮሌጁ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ።

«ሩታዬ፣ እዚያ ክፍል ወንድ ገብቶ አያውቅም! የጌታው እናት ሐጃ ሐዋ የጎረቤት ሴቶችን ፊደል ያስቆጥሩበት ነበር። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ሩታ ለአለቃዋ ነግራ ተመለሰች። «እትዬ ብርነሽ፣ ማስረጃ ታምጣ ነው የሚሉት።»

«እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?»



ዓርብ የብርነሽ የዕረፍት ቀን ነው። ምስክር ፍለጋ አውቶቡስ ቀያይራ ዱባይ፣ ሚርዲፍ ሰፈር ወረደች፤ የድሮ ማዳሟ፣ የሐጃ ሐዋ ምራት፣ አሁን እዚያ ነው የምትኖረው። ማዳም አቅፋ ተቀበለቻት፤ ጉዳዩን ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ዋላሂ፣ እውነትሽን ነው። ግን እነዚያ ሴቶች በስተርጅና መማር አፍረው በር ዘግተው ነበር የሚማሩት። ልጆቻቸው ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እናቶቻችሁ መሃይም ነበሩ ብዬ ላውጅባቸው? ኸላስ፣ ተዪው።»

«የእነሱ ስም ይቅር፤ የሐጃስ?»

ማዳም ሻይ ቀዳችላት። ብርነሽ ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

በበዓሉ ዕለት አስጎብኚዋ ሰሌዳው ፊት ቆማ «እዚህ ወንዶቹ ይሰበሰቡ ነበር» ስትል፣ ብርነሽ መወልወያዋን እንደያዘች «ሴቶች ናቸው የተማሩበት!» አለች በዓረብኛ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። የጽዳት ተቆጣጣሪው ክንዷን ያዘና «ታች ውሃ ፈሷል፣ ያላ ውረጂ» አላት።

አንዲት ተማሪ ደረጃው ላይ ደረሰችባት። «ያስተማሩት ማን ነበሩ?»

«ሐጃ ሐዋ።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ መጻፍ ስትጀምር ጓደኞቿ ለፎቶ ጠሯት። ጽፋ ትጨርስ አትጨርስ ብርነሽ አላየችም። ታች ወረደች፤ የፈሰሰ ውሃ አልነበረም።